አሳማው በዛ ወይስ በጉ አነሰ?

የአንባቢያን ጥያቄና የአምደኛው መልስ

ስለ እንስሳት ሀብት አኃዝ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጣው ደብዳቤ ግን ግማሽ በግማሹ ስለ አሳማ ሆነ። አልተከፋሁም። የእንስሳት ቆጠራ ሠንጠረዥ ሲያጣሩ ጠጉራቸው ከሸበተ ሰዎች አንዱ ነኝ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን እንቅልፍ የነሳኝ ደግሞ የአሳማው ዓምድ ነው። የዳልጋ ከብቱ ቁጥር እንደ በሬው ራሱ እያዘገመ ይሄዳል። አሳማው ግን ዘንድሮ ጣሪያ ይነካል፤ በዓመቱ ወለል ላይ ታገኙታላችሁ። የጽሑፍ ግድፈት መስሏችሁ ለቆጣሪው ስትደውሉ «የለም፣ ልክ ነው» ይላችኋል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው።

ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ የዓለም ሠንጠረዦች የሚወጡት በዚያ ስለሆነ። አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ።

«ጋሼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የአንድን አካባቢ የአሳማ ድርሻ እየፈለግሁ ነው። አንዱ ሪፖርት 25 በመቶ ይላል። ሌላው ለዚያው አካባቢ፣ ለዚያው ዓመት 18 በመቶ ይላል። ሦስተኛው ጭራሽ 7 በመቶ ብሎ አረፈው። የዋሸው የትኛው ነው?» — ተመራቂ ተማሪ

ልጄ፣ ምናልባት ማንም አልዋሸም። ነይ እናስላው።

አንድ አካባቢ አለ እንበል። 100,000 ዳልጋ ከብት፣ 200,000 በግና 100,000 አሳማ አለው። ሁሉንም በራስ፣ ትልቁንም ትንሹንም አንድ አንድ እያልሽ፣ ከቆጠርሽ ድምሩ 400,000 ነው፤ አሳማው 25 በመቶ። የመጀመሪያው ሪፖርት ይኸው። አሁን በዚያው አካባቢ አንድ ሚሊዮን ዶሮ ጨምሪበት። አሳማው አንድም አልሞተ፣ አንድም አልተወለደ። ድርሻው ግን ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሦስተኛውም ይኸው።

ሁለተኛው ሪፖርት ጨዋ ሰው ነው የጻፈው። አንድ በሬና አንዲት ዶሮ እኩል «አንድ» ተብለው መቆጠራቸው ቀፎታል። ስለዚህ በእንስሳት አሃድ ለክቶታል። በሞቃታማ አገሮች የተለመደው አሃድ 250 ኪሎ የሚመዝን እንስሳን እንደ አንድ ይወስዳል። በዚያ ስሌት ዳልጋ ከብት 0.7፣ አሳማ 0.2፣ በግና ፍየል 0.1፣ ዶሮ 0.01 ነው። ዶሮውን ትተን፣ የእኛ አካባቢ ከብት 70,000 አሃድ ሆነ፣ በጉ 20,000፣ አሳማው 20,000። ሃያ ሺህን ለ110,000 አካፍዪው፤ 18 በመቶ።

አውሮፓ ደግሞ የራሱ መለኪያ አለው። የአውሮፓ ኅብረት የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ ዩሮስታት፣ አንዲት የወተት ላምን አንድ ብሎ ይነሣል። እናት አሳማ 0.5 ነች፤ የሚደልብ አሳማ 0.3 ነው፤ ከ20 ኪሎ በታች ያለ ግልገል 0.027 ብቻ። 37 ግልገሎች ተሰብስበው አንዲት ላም መሆናቸው ነው። ስለዚህ የአውሮፓን ድርሻ በአውሮፓ መለኪያ፣ የሌላውን በሞቃታማው መለኪያ እያነበብሽ ጎን ለጎን እንዳታስቀምጪ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ሲያደርጉት ሳይ ጥርሴን ነው የማፋጨው።

ሌላም መለኪያ አለ፤ ሥጋ። አሳማው ትክክለኛ ጉልበቱን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ቆጠራ የአንድ ቀን ፎቶ ነው። በዚያ ቀን በረት ውስጥ የቆመውን ብቻ ያያል። የሚደልብ አሳማ በስድስት ወር ገደማ ቄራ ይገባል፤ ቦታው ወዲያው በሌላ ይሞላል። ላሟ ግን ዓመት ከዓመት እዚያው ናት፣ በየቆጠራው ትገኛለች። እስቲ የዓለምን ቁጥር ተመልከቺ። ከቅርብ ዓመታት በአንዱ፣ በ2022 ዓ.ም.፣ ወደ 980 ሚሊዮን አሳማና ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ዳልጋ ከብት ነበር። ሥጋው ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ የአሳማው ወደ 122 ሚሊዮን ቶን፣ የከብቱ ጎሽን ጨምሮ ወደ 76 ሚሊዮን ቶን። በራስ ሲቆጠር አናሳ የሆነው በሥጋ ሲመዘን አንደኛውን ከፍታ ከዶሮ ጋር ይጋራል።

እንግዲህ የጽሑፍሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ጻፊ፦ የምን ድርሻ፣ በምን ተለክቶ፣ በማን ተካፍሎ። አማካሪሽ ካልጠየቀሽ እንኳ ጻፊው።

«ቻይና ውስጥ የአሳማ ሥጋ እየጨመረ ነው ይባላል። ድርሻው ግን እየቀነሰ ነው ይባላል። ሁለቱ አብረው እንዴት ይሄዳሉ?» — የሒሳብ መምህር

መምህር፣ እርስዎ ይህን ለተማሪዎችዎ የሚያስተምሩት ነገር ነው። ላዕሉ አድጎ ታህቱ ከእሱ በላይ ካደገ ክፍልፋዩ ያንሳል።

በ1985 ቻይና ያመረተችው የአሳማ ሥጋ 16.5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። በአገሪቱ ከሚመረተው መቶ ኪሎ ሥጋ 86 ኪሎው የአሳማ ነበር ማለት ነው። በ2018 ምርቱ 54 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ድርሻው ግን ወደ 63 በመቶ ወርዷል። አሳማው አልደከመም፤ ዶሮው፣ ከብቱና በጉ ተደማምረው በለጡት።

ዶሮ ለምን ይበልጣል? አንድ ኪሎ የሕይወት ክብደት ለመጨመር አሳማ ሦስት ኪሎ ገደማ መኖ ይፈልጋል። ዘመናዊ የሥጋ ዶሮ ከሁለት ኪሎ በታች ይበቃዋል። ለቄራ የሚደርሰውም በሳምንታት ነው። መኖ ገዝቶ ለሚያረባ ሰው ይሄ ሒሳብ ጨካኝ ነው።

በዓለም ደረጃ ያለው ታሪክ ደግሞ ሰዎች ከሚገምቱት ይለያል። በ1961 የአሳማ ሥጋ ከዓለም የሥጋ ምርት 35 በመቶ ገደማ ነበር። በ1990 አካባቢ ወደ 39 ተጠጋ። አሁን ተመልሶ ወደ 34 መጥቷል። ስድሳ ዓመት ሙሉ እዚያው አካባቢ ሲንጎራደድ ኖረ። ድርሻ የተነጠቀው የከብት ሥጋ ነው፤ ከ40 በመቶ ገደማ ወደ 21። የነጠቀውም ዶሮ። ስለዚህ «ዓለም ወደ አሳማ እየዞረ ነው» የሚል ርዕስ ስታዩ ትንሽ ቆም በሉ። በአጠቃላይ ምርቱ አምስት እጥፍ አድጓል፤ በድርሻ ግን ከጀመረበት ብዙም አልራቀም።

«አንዱ አካባቢ በአሳማ ተጥለቅልቆ አጠገቡ ያለው፣ አየሩም አፈሩም ተመሳሳይ ሆኖ፣ ምንም የለውም። ለምን?» — የጂኦግራፊ ወዳድ

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በጉና ከብቱ ሣር ይከተላሉ። አሳማ ሣር ላይ አይኖርም። ስለዚህ የሚከተለው ሰው ያመረተውን፣ ሰው ያተረፈውን ወይም መርከብ ያመጣውን መኖ ነው። ካርታው ላይ አሳማ የበዛበትን ቦታ ካየህ አካባቢውን ፈትሽ፤ ወይ የበቆሎ ማሳ፣ ወይ የወተት ፋብሪካ፣ ወይ ወደብ አታጣም።

ዴንማርክን ውሰድ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እህል ሻጭ አገር ነበረች። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከአሜሪካና ከሩሲያ ርካሽ እህል አውሮፓን አጥለቀለቀው። የዴንማርክ ገበሬ ሁለት ምርጫ ነበረው፦ በዋጋ ተወዳድሮ መክሰር፣ ወይም ርካሹን እህል ገዝቶ ለእንስሳት ማብላት። ሁለተኛውን መረጠ። በ1878 ክሬም መለያ ማሽን መጣ። በ1882 የመጀመሪያው የወተት ኅብረት ሥራ ተቋቋመ። ቅቤው ወደ እንግሊዝ ይላካል። ቅቤው የወጣለት ወተትስ? የሚጠጣው ሰው የለም፤ ወንዝ ውስጥ እንዳይደፋም ያሳዝናል። ለአሳማ ተሰጠ።

ከዚያ በ1887 ጀርመን ከዴንማርክ በሕይወት የሚገባ አሳማ ከለከለች። ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ እዚያው ባበቃ። የዴንማርክ ገበሬዎች ግን በዚያው ዓመት ሆርሰንስ በምትባል ከተማ የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ቄራ ከፈቱ። አሳማውን አርደው፣ ጨው ነስንሰው፣ ለእንግሊዞች ቁርስ ላኩት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ በአገሪቱ 2.5 ሚሊዮን ያህል አሳማ ነበር፤ ከዳልጋ ከብቱ ጋር እኩል ለእኩል ማለት ይቻላል። አየሩ አልተለወጠም፤ አፈሩም እንደዚያው። የተለወጠው የእህል ዋጋ፣ አንድ ማሽንና አንድ የጉምሩክ ክልከላ ነው።

ነገሩ እንደዚያ መሆኑ የታወቀው ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ነው። በ1917 የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ያገኙትን ሁሉ ማስጠም ሲጀምሩ የመኖ መርከብ ቀረ። የዴንማርክ መንግሥት ሚከል ሂንድሄዴ የተባለውን ሐኪም ምክር ሰማ፦ ገብሱንና ድንቹን ሰው ይብላው፣ አሳማው ይታረድ። በ1918 የቀረው አሳማ ከሩብ የማይበልጥ ነበር። ከብቱ ያን ያህል አልተነካም፤ ሣሩ አለለታ። ጀርመንም በ1915 በሚሊዮኖች የሚቆጠር አሳማ አሳርዳለች፤ ከሰው ጋር በድንች ይሻማል ተብሎ። መኖው ሲቋረጥ የአሳማው ድርሻ በአንድ ዓመት ነው የሚፈርሰው። እኔ ከአሳማ ታሪክ ሁሉ አስተማሪ የምለው ይሄንን ነው።

ሌሎቹም ከዚህ አይርቁም። የሰሜን ምዕራብ ጀርመን አሸዋማ መሬት፣ ቬክታና ክሎፐንቡርግ አካባቢ፣ እህል እንኳ በቅጡ አያበቅልም ነበር። በባቡርና በወደብ የመጣ የውጭ ገብስ የአሳማ አገር አደረገው። የፈረንሳይዋ ብሪታኒ ከአገሪቱ መሬት 5 በመቶ ብቻ ይዛ ከአሳማው ከግማሽ በላይ እሷ ዘንድ ነው። እሷም የባሕር በር ናት። የአሜሪካዋ አዮዋ ግን ወደብ አያስፈልጋትም፤ በቆሎውና አኩሪ አተሩ በረቱ በር ላይ ነው። 3.2 ሚሊዮን ሰው፣ ከ23 ሚሊዮን በላይ አሳማ። ለአንድ ሰው ሰባት አሳማ ይደርሰዋል፤ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ጨምሮ።

ከሕጉ የምትወጣ የምትመስለው ሌላዋ የአሜሪካ ክልል፣ ኖርዝ ካሮላይና ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ 2.6 ሚሊዮን ገደማ አሳማ ነበራት። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 10 ሚሊዮን ተጠጋ። የበቆሎ ክልል አይደለችም። እዚያ ያመጣው የውል እርባታ ነው፦ ኩባንያው ግልገሉንና መኖውን ያቀርባል፣ ገበሬው በረቱንና ጉልበቱን። መኖው በባቡር ከአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ ከበቆሎው አገር፣ ይጓዛል። በ1997 ክልሉ አዳዲስ ትልልቅ እርባታዎች እንዳይከፈቱ አገደ፤ መስመሩም ከዚያ ወዲህ ጠፍጣፋ ሆነ። ካሮላይናም የምታሳየው ያንኑ ነው። መኖው መጣላት፣ አሳማው መጣ። ሕጉ አቆመው።

«የአሳማው ቁጥር ሲያድግ አርቢው ሕዝብም ያድጋል ማለት ነው?» — ጡረተኛ

አይደለም፣ ጌታዬ። አሜሪካ ውስጥ በ1980 አሳማ ያላቸው እርሻዎች ከ650,000 በላይ ነበሩ። በ2022 ቆጠራ 61,000 እንኳ አልሞሉም። አሳማው ግን ከ64 ሚሊዮን ገደማ ወደ 74 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ከአሥሩ አርቢ ዘጠኙ ወጥቷል ማለት ነው። ድርሻ የሚለው ቁጥር ስለዚህ አንድም ቃል አይነግርዎትም፤ ሌላ ዓምድ መክፈት ያስፈልጋል።

«በሽታ ሲገባ አሳማው ሁሉ ያልቃል ይባላል። ከዚያ በኋላ ድርሻው ይመለሳል ወይስ ያው ቀረ?» — የእንስሳት ጤና ባለሙያ ልትሆን የምትመኝ

ቁጥሩ ይመለሳል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ስለ ቁጥሩ ልንገርሽ። አሳማ የምታረግዘው 114 ቀን ነው፤ ሦስት ወር፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ቀን ብለሽ ያዢው። አንዴ ስትወልድ አሥርና ከዚያ በላይ። ላም ዘጠኝ ወር አርግዛ አንድ ጥጃ ትሰጥሻለች። ስለዚህ ከብት ያለቀበት አካባቢ ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። አሳማ ያለቀበት በሁለት ዓመት ሊሞላ ይችላል።

ቻይናን እይ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የተባለው በሽታ በኦገስት 2018 ሼንያንግ ከተማ መገኘቱ ተነገረ። ይህ በሽታ ሰውን አይነካም፤ ያገኘውን አሳማ ግን አብዛኛውን ይገድላል። መጀመሪያ በጽሑፍ የተገለጸው በ1921 ኬንያ ውስጥ ነው። በ1957 ፖርቱጋል ገባ። በ2007 ጆርጂያ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ። የቻይና የአሳማ ቁጥር በ2018 መጨረሻ 428 ሚሊዮን ነበር። በ2019 መጨረሻ 310 ሚሊዮን ሆነ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ጎደለ! በ2021 መጨረሻ ግን 449 ሚሊዮን ተቆጠረ፤ ከበሽታው በፊት ከነበረው በለጠ። ገበታ ላይ ስታዪው አንድ ጥርስ የወለቀ ነው የሚመስለው።

ገበታው የማያሳየው ጓሮው ውስጥ አምስትና አሥር አሳማ የነበረውን ሰው ነው። እሱ ብዙውን ጊዜ ተወው። ቦታውን የያዙት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። ሁቤይ ክፍለ ሀገር፣ ኧጆው ከተማ ውስጥ ባለ 26 ፎቅ የአሳማ ሕንፃ ተሠርቷል። አሳማው በአሳንሰር ይወጣል። እኔ እዚያ ፎቅ ላይ ቆጠራ ውጣ ብባል ጡረታዬን እመርጣለሁ።

ያልተመለሰበት ቦታም አለ። ሄይቲ ውስጥ ገበሬው የሚያረባው ጥቁር፣ ትንሽ፣ ያገኘውን በልቶ የሚኖር የአገር ዝርያ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ይኸው ትኩሳት ደረሰ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሽታውን ለማጥፋት የቀረው ሁሉ ታረደ። በምትኩ ከአሜሪካ ነጭ አሳማ መጣ። አዲሱ አሳማ የተገዛ መኖ፣ ንጹሕ ውኃና የሲሚንቶ ወለል የሚፈልግ ነበር። ገበሬዎቹ «ባለ አራት እግር ልዑል» እያሉ አፌዙበት። ድሮ አሳማው ማለት የቁጠባ ደብተር ነበር፤ ደብተሩ ተቀደደ።

ግብፅ ደግሞ በ2009 የኢንፍሉዌንዛ ሽብር ጊዜ ወደ 300,000 የሚጠጋ አሳማ ይታረድ አለች። ካይሮ ውስጥ የከተማውን የምግብ ትራፊ ይበሉ የነበሩት እነዚያ አሳማዎች ነበሩ። ቆሻሻው መንገድ ላይ ተከመረ። እዚህ ላይ ድርሻውን የጣለው በሽታው ሳይሆን ትእዛዙ ነው። ሁለቱ በሠንጠረዥ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ስለዚህ ቁልቁል የወረደ መስመር ስታዪ ምክንያቱን ሳትጠይቂ አትለፊ።

«ሁልጊዜ አውሮፓና ቻይና! የአፍሪካስ?» — የተናደደ አንባቢ

ንዴትህ ልክ ነው። ኡጋንዳን ላንሳልህ፤ በኔ ግምት ከሁሉም የሚያስደንቀው እሱ ነው። በ2008 የእንስሳት ቆጠራ 11.4 ሚሊዮን ዳልጋ ከብት፣ 12.5 ሚሊዮን ፍየል፣ 3.4 ሚሊዮን በግና 3.2 ሚሊዮን አሳማ ተቆጠረ። በ2021 ቆጠራ ከብቱ 14.5፣ ፍየሉ 17.4፣ በጉ 4.4፣ አሳማው 7.1 ሚሊዮን ሆነ። ሁሉም አድጓል። አሳማው ግን ከእጥፍ በላይ ነው ያደገው። በራስ ብትቆጥረው ድርሻው ከ10 በመቶ ተነሥቶ ወደ 16 ደረሰ። ለተማሪዋ በነገርኳት አሃድ ብታሰላው ደግሞ ከ6 ወደ 10 ነው። በየትኛውም ብትለካው ወደ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ነው እኔ የማምነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሬቱ ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ጠቧል፤ የከብት ግጦሽ የለም። አሳማ አንድ ጥግ ይበቃዋል። የስኳር ድንች ሐረግ ይበላል፣ የምግብ ትራፊ ይበላል። ገንዘብ ሲቸግር ቶሎ ይሸጣል። እዚያ አሳማውን የሚያረቡት በአብዛኛው አነስተኛ ቤተሰቦች ናቸው፤ ብዙውንም ሥራ የሚሸፍኑት ሴቶች። አርቢው ከቀነሰበት ከአሜሪካው ታሪክ ጋር ሲተያይ ተቃራኒ ነው፤ መስመሩ ግን ሁለቱም ጋ ይወጣል። ስጋቱ ያው ትኩሳቱ ነው። በአካባቢው ከከርከሮና ከመዥገር ጋር የኖረ በሽታ ስለሆነ ጨርሶ አይጠፋም።

«የአሳማ ድርሻ በአካባቢያችን ለሦስት ተከታታይ ዓመት ጨምሯል። ያለኝን ብር ልክተትበት?» — ጀማሪ ነጋዴ

ወንድሜ፣ ሦስት ዓመት አዝማሚያ አይደለም። በ1920ዎቹ አርቱር ሃናው የተባለ ጀርመናዊ ኢኮኖሚስት ይህንን ቁጭ ብሎ አጠናው። ዋጋ ሲወደድ ሁሉም እናት አሳማ ያስቀራል። 114 ቀን እርግዝና፣ ከዚያ ስድስት ወር ማደለብ። አሥር ወር ገደማ ቆይቶ የሁሉም አሳማ በአንድ ጊዜ ገበያ ይወጣል። ዋጋ ይወድቃል። የተበሳጨው ሁሉ እናቶቹን ሳይቀር ይሸጣል። ከዚያ ደግሞ እጥረት። ዙሩ ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። አንተ ያየኸው የዚያ ማዕበል ሽቅብ የሚወጣው ገጽ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ የአሥራ አምስት ዓመት ቁጥር ፈልግ፤ የአራት የአራት ዓመቱን አማካይ አውጣ። እሱም ከጨመረ እናወራለን።

«አውሮፓ አሳማ እየተወች ነው የሚባለው እውነት ነው?» — ከውጭ አገር የጻፈች አንባቢ

የትኛዋ አውሮፓ? ጀርመን ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት 28 ሚሊዮን አሳማ ነበራት፤ በ2023 ወደ 21 ሚሊዮን ወርዳለች። ኔዘርላንድስ በ1997 የተለመደው የአሳማ ትኩሳት (ከአፍሪካው የተለየ ሌላ በሽታ ነው) ገብቶባት ከ10 ሚሊዮን በላይ አሳማ ከገደለች ወዲህ ወደ ድሮው 15 ሚሊዮን አልተመለሰችም። ችግሩ እዚያ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ፍግ ነው። መኖው ከሩቅ አገር ይመጣል፣ ፍጉ ግን እዚያው ይቀራል። መሬቱ ናይትሮጅን ጠገበ፣ ውኃው ተበከለ። መንግሥት ለአርቢዎች ከፍሎ እርሻቸውን እስከማዘጋት ደረሰ።

ስፔን ግን ሽቅብ ነው። በ2010ዎቹ አጋማሽ ጀርመንን አልፋ በኅብረቱ አንደኛ ሆነች፤ ከ30 ሚሊዮን በላይ አሳማ አላት፤ በተለይ አራጎንና ካታሎኒያ። ስለዚህ አሳማው አውሮፓን አልተወም። ከሰሜን ወደ ደቡብ ዕቃውን ጠቅልሎ ተጓዘ። ካታሎኒያ ውስጥም የፍጉ ጭቅጭቅ ከተጀመረ ቆይቷል።

«የጀርመንን ረጅም ዘመን መስመር ስሥል 2010 ላይ ደረጃ የመሰለ ነገር ወጣብኝ። አሳማው በአንድ ሌሊት የት ገባ?» — ገበታ ሠሪ

የትም አልገባም። ጀርመን አሳማዋን በዓመት ሁለት ጊዜ ትቆጥራለች፤ ሜይ 3 እና ኖቬምበር 3። ከ2010 ጀምሮ 50 አሳማም 10 እናት አሳማም የማይሞላ እርሻ ከቆጠራው እንዲወጣ ተደረገ። አሳማዎቹ በረታቸው ውስጥ ነበሩ፤ ከወረቀቱ ነው የወጡት። እንስሳው ብዙም አይደለም፤ የእርሻዎቹ ቁጥር ግን ክፉኛ ነው የሚቀንሰው። መስመሩን 2010 ላይ ቁረጠው፣ በሁለቱ መካከል ክፍት ቦታ ተው፣ ከሥሩ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ደግሞ ከሁለቱ ቆጠራዎች አንዱን መርጠህ በዚያው ጽና፤ የሜይን ዓመት ከኖቬምበር ጋር ካቀላቀልክ ሌላ ደረጃ ይወጣብሃል።